ለአዴ ዘሃራ ያስረዳሁት ፊዚክስ

ዛሬ ያደግኩባት ከተማ አሰንዳቦ ስደርስ የእሸት ቡና ገለፈት ሽታ አዴ ዘሃራን አስታወሰኝ።

አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ቡና መጋዘን ብልሹ ፍሬ ለቀማ ገባሁ፤ ማትሪክን ግን በግል ለመፈተን ተመዘገብኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። አጠገቤ የሚለቅሙት፣ እንደ እናት “አዴ” የምንላቸው ጎረቤታችን ዘሃራ፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ያነበብኩትን ፊዚክስ በየቀኑ ያስተርኩኝ ነበር።

“እኔ ካልገባኝ አንቺም አልገባሽም፤ ድገሚው!”

አንድ ቀን ኢነርሺያን ሦስቴ አስደገሙኝ። በመጨረሻ፣ “አውቶቡስ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት የምንወድቀው ለዚህ ነው” ስላቸው ሳቁ።

“ወላሂ፣ ለካ ሾፌሩን በከንቱ ስረግም ኖሬያለሁ!”

ፈተናውን አለፍኩ። ዩኒቨርሲቲ የምሄድ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን ይዘው እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ።

“የሚቀጥለውን ምዕራፍ እንግዲህ ማን ያስረዳኝ?” አሉኝ።

አቀፍኳቸው። ዛሬም ያ ጥያቄያቸው ጆሮዬ ላይ አለ።