ለፈተና የቀረበው መንጋጋ

ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎ የሾማት ጥርስ ሕክምና ልትማር ኮሌጅ በገባች በሳምንቱ ነው። ያኔ ከራሷ ጥርስ በቀር የነካችው ጥርስ አልነበረም። አንደኛውን ዓመት ከሰም መንጋጋ ስትቀርጽ፣ ቀጣዮቹን በፕላስቲክ አፍ ላይ ስትለማመድ ጨረሰች። የፕላስቲክ አፍ ደግሞ ደግ ነው፤ ቢሰረስሩት አይጮህ፣ ቢያበላሹት አይቀየም።

የመጨረሻው ፈተና ግን ሰው ይፈልጋል። እያንዳንዱ ተማሪ ጥርሱ የተበላ ታካሚ ይዞ ይመጣል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አጽድቶና ሞልቶ ያስረክባል። ያልጨረሰ ወደቀ ማለት ነው። እሷም አጎቷን ይዛ መጣች። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ገደል የማይፈራ፣ መርፌ ሲያይ ግን በሩን የሚፈልግ። እናቷ ከቤት ሲወጡ፣ «ቢያምህም ጥርስህን ነክሰህ ቻል፤ ልጄን እንዳታስጥልብኝ» ብላ መክራዋለች። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ምኑን እንደሚነክስ ያሰበ አልነበረም።

ማደንዘዣውን ወጋችው፤ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሱ» አለችና መሰርሰሪያውን አስነሳች።

እጁ ከደረቱ ላይ ንቅንቅ አላለም። እሷም ደስ አላት። ብዙ ከሰረሰረች በኋላ ግን ዓይኗ ወደ እግሩ ሾለከ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የያዘ ይመስል ተወጥሯል። ቀና ብላ ፊቱን አየች። እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ ነው።

የቀራት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ብትቀጥል ታልፋለች፤ እሱም ትንፍሽ አይልም። መሰርሰሪያውን አጠፋች። ሁለተኛ መርፌ ወጋችውና እስኪደነዝዝ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰዓቱ ሲያልቅ ጥርሱ በጊዜያዊ መሙያ ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ፈታኙ መምህር አጎንብሶ አየና፣ «አልጨረስሽም። በሚቀጥለው ወር ትደግሚያለሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ አጎቷ በደነዘዘ ከንፈሩ ተቆጣት።

«ችዬው ነበር እኮ። ምን አስቆመሽ?»

«እኔ አልቻልኩማ» አለችና አለቀሰች።

አጎቷ ግራ ጉንጩን በጣቱ ነካ።

«በግራ በኩልም የሚያመኝ አለ» አለ። «ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ የደበቅኩት። እሱን ለሚቀጥለው ወር ፈተና ያዥው፤ ካንቺ ጋር አልፈራም።»