የእትዬ ዘነበች ተረከዝ

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተወለቀውን ጫማ ሳይ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

እትዬ ስኳር ነበረባቸው። ሞላሌ ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስ፣ “እግርዎን በየቀኑ ይዩ፣ በባዶ እግርዎም አይሂዱ። ቁስሉ ሳይሰማዎት እግርዎን ያሳጣዎታል” ብላቸዋለች። ዓይናቸው ስለደከመ እግራቸውን የምመለከትላቸው እኔ ነበርኩ። ሸራ ጫማም ገዝተው ነበር፤ በእኛ አገር ግን ጫማ የሚወለቀው ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ነው።

አንድ የማርያም ዕለት ከቅዳሴ ሲመለሱ እግራቸውን ሳገላብጥ ተረከዛቸው ላይ እሾህ ተሰክቷል። ሳወጣው እሳቸው ስለ ጎረቤት ሠርግ ያወራሉ።

“እትዬ፣ አላመምዎትም?”

“ምኑ?”

“እሾኹ!”

“የምን እሾህ? አንቺ ቀልደኛ!”

መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ጫፉ ደም ነክቶታል። ነገሩ ገርሞኝ የራሴን ተረከዝ ቆነጠጥኩ። አመመኝ። ታዲያ የሳቸው ሕመም የት ሄደ?

እሾኹን በጣታቸው እየዳበሱ፣ “አይ ልጄ፣ ሕመም ለካ ዘበኛ ኖሯል! የኔው ጥሎኝ ሄዷል” አሉ።

“እንግዲያ ጫማዎን አያውልቁ።”

“በማርያም ደጅ? አፍሽን ያዢ!”

የነርሷም ቃል እውነት፣ የደጁም ክብር እውነት፤ ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ዛሬም አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ጫማቸውን እንዳደረጉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ።