የአጎቴ የጄሶ አበባ

አጎቴን ሳስባቸው ወደ ጣሪያ ቀና ብለው ሲስቁ ነው የሚታዩኝ። በዘጠናዎቹ ማብቂያ አትላንታ ውስጥ አንድ ያረጀ ኦፔራ ቤት ሲታደስ፣ ጣሪያውን በጄሶ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። በጣሪያው ዙሪያ ከተደረደሩት የጄሶ አበቦች አንዷ ወድቃ ነበርና ሱፐርቫይዘራቸው፣ "እዚያ ላይ ማን ያየዋል? ለስነህ እለፈው" አላቸው።

"ከታች ባይታይ ከላይ የሚያይ አለ" ብለው እንቢ አሉ። እባረራለሁ ብለው እየሰጉም በብሬክ ሰዓታቸው አበባዋን ቀርጸው ቦታዋ መለሷት።

ኦፔራ ቤቱ ሲከፈት ከምንኖርበት ከስኮትዴል በመኪናቸው ወሰዱኝ። ዘፋኟ መዝፈን ስትጀምር ጎኔን ጎሰም አድርገው፣ "የኔዋን ለዪ እስቲ!" አሉኝ።

አንዷን እየጠቆምኩ፣ "ያቺ ናት፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"አይደለችም! ካልለየሽማ ሥራዬ ተዋጣ!" ብለው በሣቅ ሲፈነዱ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው ገላመጡን። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር ይጠይቁኛል፣ እኔም እሳሳታለሁ። መልሱን ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ካረፉ በኋላ ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቀና ብዬ አንዷን መረጥኩና፣ "ያቺ ናት" አልኩ።

"አይደለችም" የሚለኝ አጣሁ።