ያለ ገመድ የገዛኋት ሞተር

ትልቋ ልጄ መምህርት ሆና የተመደበችው ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ደስታችንን ሳንጨርስ መንገዱ ያሳስበን ጀመር። ባጃጅ የሚወጣው እስከ ግማሽ ነው፤ ያውም ሰው ሲሞላለት። ከዚያ በላይ ዳገቱ በእግር ነው። መንደሩ ውስጥ የሚከራይ ክፍል የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግማ አረፈደች። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ጠርተው፣ "የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ ስለ ሰዓት አክባሪነትሽ መጻፌ አይቀርም። እንዲህ ከቀጠልሽ ይለፉኝ ብትዪም አልችልም" አሏት። ሥራውን ልታጣው ነበር ማለት ነው።

እኔ በሰዓት ቀልድ አላውቅም። ልጆቼን ያሳደግኋቸው ቀጠሮ የማያከብር ሰው የሌላውን ዕድሜ ይሰርቃል እያልኩ ነው። ይህች ልጅ ግን ንጋት ላይ ተነስታ ነው የምታረፍደው። እሷን መቆጣት ግፍ ስለሚሆን፣ ሞተር ሳይክል ገዝቼ ራሴ ላደርሳት ወሰንኩ።

የምተዳደረው በወፍጮ ጥገና ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም። የማውቀውን ያወቅኩት እየፈታሁ፣ መልሼ መግጠም ሲያቅተኝ እያፈርኩ፣ እንደገና እየሞከርኩ ነው። ወዳጆቼ አዲስ ግዛ፣ ቁልፍ ስትጫናት የምትነሳ ግዛ አሉኝ። ፈትቼ ሆዱን ማየት የማልችለውን ዕቃ አላምንም። እንዲህ ስል ሰንብቼ፣ ሁሩታ ከተማ ውስጥ ጡረታ የወጡ የከብት ክትባት ባለሙያ የድሮ የጃፓን ሞተራቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። በሥራ ዘመናቸው የነዷት ነች፤ መሥሪያ ቤታቸው ሲያስወግዳት ራሳቸው ገዝተው አስቀርተዋታል።

በረንዳው ላይ እንደ ላም በጠፍር ገመድ ከምሰሶ ጋር ታስራ አገኘኋት። ቀዩ ቀለሟ የጋላቢው ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ተልጦ ብረቱ ያበራል። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ሁለት ቦታ ተበይዳለች። ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁ፣ ካርቡራተሯን አየሁ፤ በንጽሕና የተያዘች ነች። በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም። ልወስዳት ስል ሽማግሌው ገመዱን ፈትተው በክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት።

"ጋሼ፣ ገመዱስ? ዕቃ የማስርበት ነበር" አልኳቸው።

"ከብት ስትሸጥ ገመዱን ትሰጣለህ?"

"ከብት እኮ አይደለችም።"

"ገመዱ ሲሄድ የቤት በረከት አብሮ ይሄዳል። አንተ ሌላ ግዛ።"

"ከብት ስለሚወልድ ነው ጋሼ። ሞተር ምን ትወልዳለች?"

"ይቺ ወልዳለች" አሉ ኮስተር ብለው። "ሦስቱን ልጆቼን ያስተማራቸው ማን ይመስልሃል? እኔ? እኔማ ከላይዋ ተቀምጬ ነበር።"

እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም። ልጆቼንም ከልማድ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ሲመርቅ ግን ኮፍያ አውልቆ አሜን ማለት አውቃለሁ። እጃቸውን ዘርግተው ለመንገዴ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ፤ ከሱቅ የናይሎን ገመድ ገዛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ዳገቱን ወጣሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተጠቅልላለች። ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው መንደር ስንደርስ ከግራም ከቀኝም ከብት ወደ መንገዱ መጉረፍ ጀመረ። ላም፣ ጊደር፣ ጥጃ፣ ከኋላቸውም ዱላ የያዙ ሰዎች። ሞተሯን አቆምኩ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

አንድ አዛውንት ከፊት ቀድመው መጡ። በኦሮምኛ፣ "ክትባቱ ዛሬ ከሆነ ለምን ቀድማችሁ አላስነገራችሁም? ግማሹ ከብት ገና በረት ውስጥ ነው!" ብለው ተቆጡ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ልጄ መለሰችላቸው። ባለሙያው ጡረታ እንደወጡ፣ ሞተሯን እኛ እንደገዛናት ነገረቻቸው። አዛውንቱ ወደ እኔ ተጠግተው ፊቴን አዩ።

"የሞተሯ ድምፅ የዶክተሩ ነው። ፊቱ ግን የዶክተሩ አይደለም" አሉ ቅር ብሏቸው። "በሕይወት አለ?"

"ሁሩታ ናቸው። ደህና ናቸው" አለች ልጄ። ሰውየው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አመሰገኑ።

ከኋላ ጥጃ ይዛ የቆመች ሴት፣ "ታዲያ ይሄኛው ምንድን ነው የሚያክመው?" አለች።

"ወፍጮ ነው" አለች ልጄ።

"በሉ እንግዲህ፣ የኛም ወፍጮ ታማብናለች!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ሰዓቴን እያሳየሁ፣ ልጄን አድርሼ ስመለስ አየዋለሁ አልኩ፤ ስመለስም አየሁላቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሥራ አልጠፋብኝም። ከብቱም ለጥቂት ጊዜ ድምፁን እየሰማ መውጣቱን አልተወም፤ ሰዎቹ ቢተውም።

እንዲህ እየሆነ የሙከራ ጊዜው ወደ ማለቂያው ተቃረበ። ልጄ ማርፈድ አቆመች። ከዚያ አንድ ቀን ሞተሯን ሳስነሳ የእግር ማስነሻው ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለ። በማግስቱ ከወረዳ ሱፐርቫይዘሮች መጥተው ስታስተምር ሊያዩአት ነበር። ሌሊቱን ደግሞ የበልግ ዝናብ ጣለ፤ በዚያ ጭቃ ባጃጅ አይወጣም።

ጠዋት በረንዳ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ ሄልሜቱን አድርጋ ወጣች። ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

"ወዴት ነው?"

"ሥራ ነዋ፣ አባባ።"

የሞተር መንጃ ፈቃድ ነበራት። ኮሌጅ እያለች ገጠር ብመደብ ይጠቅመኛል ብላ አውጥታው፣ እኔ ተቆጥቻት ነበር። አሁንም፣ "ብቻሽን? በዚያ ጭቃ? ሰውስ ምን ይላል?" አልኳት።

"ሰው ምን ይላል ብሎ የሚኖር፣ ኑሮውን ለጎረቤት አከራይቷል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ብያለሁ። ደጋግሜ ነው ያልኩት። ባለቤቴ ከውስጥ ሳቀች። "ስትሰብክ የሰማህ አንድ ሰው ተገኘ፤ አመስግን እንጂ!"

እውነቱን ለመናገር፣ የሰው አፍ ሰበብ ነበር። የፈራሁት ጭቃውን ነው፤ ለልጄ ነው የፈራሁት። ግን ራስሽን ቻይ እያልኩ ያሳደግኋት ልጅ ልትችል ስትነሳ ልይዛት አልችልም። "ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፤ ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን እንዳትነኪ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ከኋላዎ ተቀምጬ ምን የማይ መሰልዎት?"

ሞተሯ በመጀመሪያው ምት ተነሳችላት። ለእኔ እንዲህ ሆና አታውቅም። ድምፁ ከሰፈራችን ወጥቶ ዳገቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ፤ ከጠፋም በኋላ አዳመጥኩ። ያን ቀን የፈታሁትን የወፍጮ ዕቃ እስከ ማታ አልገጠምኩትም።

ስትመለስ እስከ ወገቧ ጭቃ ነበረች፤ ትስቃለች። ከመንደሩ በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያው ላይ ቆማ ነበር። ሞተሯን ሳታጠፋ ግራ ገብቷት ሳለ፣ ሰዎቹ ድምፁን ሰምተው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ከብት አልነዱም። አዛውንቱ፣ "የዶክተሩ ሞተር ውኃ ዳር ቀርታ አታውቅም" ብለው ጎረምሶቹን አዘዙ፤ ሞተሯን በትከሻ አሻገሯት። ደወል ሳይደወል ደረሰች። ሱፐርቫይዘሮቹ ሲገቡ ጭቃ በጭቃ ሆና ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ አገኟት። እነሱ ራሳቸው ግን ወንዙ አግዷቸው አርፍደው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ በኋላ መልካም ጻፉላት፤ ቋሚ ሆነች።

እግሬ ሲድን ሁሩታ ሄጄ ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። የገዛሁት ብረት መስሎኝ ነበር። ያቺን ሞተር በትከሻ ያሻገራት ግን የእሳቸው ድካም ነው፤ በየበረቱ በዝናብና በብርድ የዞሩበት ዘመን ነው። ያንን በገንዘብ አልገዛሁትም። አመሰግናለሁ ስላቸው፣ "በድምጿ አወቋት?" ብቻ አሉ።

"በድምጿ።"

"ማርሚታዋን እንዳትቀይራት፤ ድምጿ ይለወጣል።"

ልቀይራት አስቤ ነበር። አልቀየርኳትም።

አሁን ሞተሯ የልጄ ነች። እኔ የቀረበውን ወፍጮ በእግሬ፣ የራቀውን በባጃጅ እየሄድኩ እሠራለሁ። ቁልፉን የሰጠኋት ጠዋት ቦርሳዋን ከኋላ ልታስር እጇን ስትዘረጋ፣ የናይሎን ገመዴን ቀድሜ ፈታሁት።

"አባባ! ገመዱስ?"

"ሌላ ግዢ።"

ትክ ብላ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው። "ልማድ አልወድም ሲሉ አልነበረም?"

"ጊዜው እየሄደ ነው፤ እንዳታረፍጂ" አልኳት። ከዚያ ኮፍያዬን አውልቄ፣ የማስታውሰውን ያህል፣ የሽማግሌውን ምርቃት መረቅኳት።