ብርነሽ የሞላችው ኩባያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ምን ብዬ? «አባ፣ የዱቄት እፍጋት አሳስቻለሁ» ብላቸው ኃጢአቱ የቱ ጋ እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። እናንተን ግን ላስረዳችሁ።

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደል ዱቄት መጣና እፍጋቱን ለካ ተባልኩ፤ ማለትም አንድ ኩባያ ሙሉ ስንት እንደሚመዝን። እናቶች ቤት ሚዛን የለም። የሚታደላቸው ኩባያ ስፋት የሚወሰነው በእኔ ቁጥር ነበር።

ዱቄት ግን ጉደኛ ነገር ነው። ቀስ ብዬ ሳፈሰው የመለኪያውን ሲሊንደር ሞላ፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሳደርገው ወረደ። ደግሜ መታሁት፤ አሁንም ወረደ። ያ ሁሉ አየር የት ተደብቆ ነበር? የት ሲደርስ ይቆማል? ከሰዓት በኋላውን ስመታው ዋልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በመጨረሻ አልወርድም ያለበትን፣ የተጠቀጠቀውን ቁጥር ጻፍኩ። ለመሆኑ ዱቄት እየጠቀጠቀ ገንፎ የሚያገነፋ ማን አለ? ያን አላሰብኩም። የተጠቀጠቀ ዱቄት ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ኩባያው አንሶ ተሠራ።

በእደላው ቀን ከጤና ሠራተኞቹ ጋር ጽጽቃ ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ። ብርነሽ የምትባል እናት ኩባያውን ሞላችና ገበያ እህል ሲሰፈርላት እንደለመደችው ነቅነቅ አደረገችው። ዱቄቱ ወረደ።

«ጎደለ እኮ፤ ልጨምርበት?» አለችኝ።

ስህተቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ሪፖርቱ ላይ ስሜ ነበር፣ ሰዉም እያየኝ ነበር። ሳትነቀንቂ ለኪ አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። አውቄ ነው ያልኳት።

ታዘዘችኝ። ለሚቀጥለው ምዘና ስንመለስ ልጇ ክብደት አልጨመረም። የጤና ሠራተኛዋ ቀለቡን ለትልልቆቹ ልጆችሽ አካፍለሽበታል ብላ ሰው ፊት ተቆጣቻት። ብርነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ይንገሯቸው፤ ባሉኝ ልክ ነው ያበላሁት።»

ጫማዬን አየሁ። 

ሰቆጣ ተመልሼ ቁጥሩን አረምኩ፤ ኩባያው ተቀየረ፤ ልጁም አገገመ። የማስተካከያው ወረቀት ላይ ግን ምክንያቱን «የዱቄቱ ዓይነት በመለወጡ» ብዬ ጻፍኩ። ዱቄቱ ያው ነበር።

ብርነሽ ዛሬም የልጇን ቀለብ ያካፈለች እናት ትባል ይሆን? ወይስ ተረስቷል? የዱቄት አየር የት እንደሚገባ ለማወቅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የደከምኩ ሰው ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ይቅርታውን ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እሷን ነው። ከሰቆጣ ጽጽቃ መኪና አለ። እስካሁን አልተሳፈርኩም።