ሊኑክስ የተጫነበት ክረምት

የአሮጌ ላፕቶፕ ማራገቢያ ድምፅ የሰማሁ ቀን ሥራን እንደ ሥራ አልሠራም። ደንበኛ እያለከለከ የሚነሣ ማሽን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ የጋለ አቧራ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ፣ እጄ ባሕር ዳር ተቀምጦ ልቤ ካደግሁበት ደብረ ታቦር ይሄዳል።

የቤታችንን ላፕቶፕ መምህሩ አባቴ ነበር ከባልደረባው የገዛው፤ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት፣ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የአባቴ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ይቀመጡና ዘር እየቆጠሩ ያስጽፉኝ ነበር። ከዘመዶቻችን ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ መጥቶ ሰባት ቤት ያስቆጥራል፤ ሙሽሮቹ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ስላቸው፣ «አንቺም ቀስ በይ፤ አንድ ስም ከዘለልሽ ወንድምና እኅት ታጋቢያለሽ» ይሉኝ ነበር። ደብተር ላይ ልጻፈው ብል አባቴ ከለከለኝ፤ ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ኮምፒውተር ግን ምን ይነካዋል ብሎ። ጽፈን ጨረስን፣ አባባም በዐቢይ ጾም ዐረፉ።

በሚቀጥለው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ምትኩ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲመጣ፣ ሊኑክስ የሚባል በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ፕሮግራም ያለበት ፍላሽ ይዞ መጣ። «ይኼን ላፕቶፕ ቫይረስ ጨርሶታል፤ በሊኑክስ እንደ አዲስ ይሆናል» አለ። በመጣ ዕለት የአባባን ጽሑፍ ከፍቶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ብዙ ሰዓት አነበበ፤ እኔ ሞኟ፣ አባባ ናፍቀውት መስሎኝ አንጀቴን በላኝ። በማግሥቱ ፍላሹን ሲሰካ «የአባባስ ጽሑፍ?» አልኩት። «ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጨዋለሁ፤ አታስቢ እታለም» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጥያቄ እየተከታተለ መጣ፤ የምርጫውን ምልክት እሱ ራሱ ወደ ታች አወረደና ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። «ነይ፣ ኢንተሩን አንቺ ተጫኚው፤ ከዛሬ ጀምሮ ላፕቶፑ ያንቺ ነው።» ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በሁለት ጣቴ ተጫንኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የልጅነቴ ምርጥ ክረምት ነበር። ድምፁ አልሠራ ሲል፣ አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሲደረደር፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ምን እንደሚጻፍ ያስተምረኝ ነበር፤ እኔም ትእዛዞቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳቸው። ጳጉሜ ላይ የአማርኛውን መጻፊያ ብቻዬን አስተካክዬ ስሜን ስጽፍ፣ «ጎበዝ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ጥቅምት ላይ ምትኩ ከጋሳይ አንዲት ልጅ እንደወደደ ተናገረ። አባቴ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «እስቲ የአባባን ክፈቺውና እንቁጠር» አለኝ። ፈለግሁ፤ የለም። «ያ የገለበጥክበት ፍላሽስ?» ብዬ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። አላየኝም። «አባዬ፣ ምን ላድርግ? አትንኪ እያልኋት እሷ ናት የተጫነችው» አለ። መጫኑንማ ተጭኛለሁ። አባቴ ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ከደነና «የሰባት ቤት ሰው ቀበርሽ» አለኝ። አባባ ከቅድመ አያቶቻችን የአንዱ እኅት ጋሳይ ተድራ እንደነበር ነግረውኝ ነበር፤ ስንተኛው ቤት ላይ እንደሆነ ግን አላስታወስኩም፤ ብናገርስ ያጠፋችውን ማን ይሰማታል? በልጅቱ በኩልም ከአራት ቤት በላይ የሚቆጥር ሽማግሌ ጠፋ። ዝምድና አልተገኘም ተባለና በጥር ተሠረገ። ዳሱ ውስጥ ሲጨፈር እኔ ጓዳ ሳህን እያጠብኩ ራሴን እረግም ነበር።

አድጌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆንኩ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያንኑ ሊኑክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስጭን ያ ጥያቄ መጣ፤ አሁን እንግሊዝኛውን አነባለሁ። የመጀመሪያው ምርጫ ያለውን ሳይነካ ከጎኑ ይጭናል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉንም ይጠርጋል። ምልክቱ ያረፈው የመጀመሪያው ላይ ነበር፤ ሰው ካላወረደው በራሱ አይወርድም። ሥራውን ትቼ መንገድ ላይ ወጣሁና አለቀስኩ። አባቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አምኖ፣ ሞቶ ነበር።

ምትኩን የልጁ ክርስትና ዕለት ለብቻው አግኝቼ፣ ጽሑፉን ሆን ብለህ ነው ያስጠፋኸኝ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልካደም። «ልጅ ነበርሽ፤ በልጅ ማን ይቀየማል ብዬ ነው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

አባቴ ግን ተቀይሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ፣ ቀድሞ በላፕቶፑ የምጽፍለትን የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት እንኳ አስጽፎኝ አያውቅም። ወንድሜ ያኔ ከልጅቱ ጋር ከሰባት ቤት በታች እንደሚገናኝ በምሥጢር ቢነግረኝ እኔው ራሴ ደብቄለት እሞት ነበር፤ ያን ያህል ነበር የምወደው። ዛሬም እወደዋለሁ፣ ልጆቹም ነፍሴ ናቸው። ብቻ አንድ ነገር ሲያቀብለኝ፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ፊቱን አያለሁ።