ጎሽ የሚያቆም ጥይት

ከበበ ከኢቲቻ ጋር ሰላምታ ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ በአንድ መኪና ወደ በረሃ እየወረዱ፣ አንድ እሳት ዙሪያ ቁጭ ብለው እየበሉ ነው የማይነጋገሩት። ጉርድ ሾላ ባለው የአደን ድርጅታቸው ቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ለአንዱ የነገረውን ለሌላው ለብቻ መድገም ለምዷል።

ከበበ ስልሳ ሊደፍን የተቃረበ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ቁጥብ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ቀበና ወንዝ ዳር ነው። ወታደር ነበር፤ ከዚያ ሲወጣ ከጠመንጃ ሌላ ሙያ ስላልነበረው ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች መሪ ሆነ። እንግዳው አቁስሎት የተቆጣ ጎሽ ዞሮ ሲመጣ ከኋላ ቆሞ ተኩሶ የሚያስቀረው እሱ ነው። ካላስቀረው ሰው ይሞታል።

አንድ ቀን ማስቀረት አቃተው። አንድ እንግዳ ያቆሰለው ጎሽ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ገባ። ዱካውን እየተከተለ ከፊት ይሄድ የነበረው ዱካ ፈላጊያቸው ነጅመዲን ላይ ድንገት ወጣበት። ከበበ ሦስት ሰባ አምስት በሚሉት መካከለኛ ጥይት ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ጎሹ እንዳልነኩት ሁሉ መጥቶ ነጅመዲንን በቀንዱ ጭኑን ወግቶ ወረወረው። እንደ ከበበ የአዳኞች መሪ የሆነው ኢቲቻ ከጎን ተኩሶ ጣለው። ነጅመዲን ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ዳግም እንደ ሰው እግር አልሆነለትም።

ከበበ ጥፋቱን በጥይቱ ላይ ጣለ። ሦስት ሰባ አምስት ለሚዳቋ ነው እንጂ ለጎሽ አይበቃም፣ ትልቁ አራት ሃምሳ ስምንት ቢሆን ኖሮ ያ ጎሽ እርምጃ አይጨምርም ነበር፣ እያለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራ ጀመር። ኢቲቻ በበኩሉ፣ እኔ የጣልኩትም በዚያው በሦስት ሰባ አምስት ነው፣ የከበበ ጥይቶች የገቡት ሆዱ ላይ ስለሆነ ነው፣ ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ጠቡ ከዚያ ወዲህ እየከረረ ሄደ።

ዘንድሮ የድርጅቱ ጠመንጃዎች አርጅተው መቀየር ግድ ሆነ። ድርጅቱን ከአባቷ የወረሰችው ሔራን ሁለቱን ጠርታ፣ በረሃ ላይ የአንዱ ጥይት ቢያልቅ ከሌላው እንዲወስድ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነው የምትይዙት፣ ተስማሙና ንገሩኝ አለች። ከበበ አውራ ጣት የሚያህለውን የአራት ሃምሳ ስምንት ጥይት ጠረጴዛዋ ላይ አቆመው። ኢቲቻ ወደ እሱ ሳይዞር ለሔራን እንዲህ አላት፦

"ትልቅ ጥይት የሚመኘው ማነጣጠር የተወ ሰው ነው።"

ከበበም ለእሷው መለሰላት። ኢቲቻ የቆመውን ጎሽ ከጎን መትቶ በሬሳ ላይ ጀግና እንደሆነ፣ ፊት ለፊት መጥቶበት እንደማያውቅ ነገራት። ሔራን እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። የአፍ ተኩስ ሰልችቶኛል፣ ሜዳ ላይ እንየው አለች።

ከሌላ ድርጅት አንድ አራት ሃምሳ ስምንት ተውሳ፣ ፈቃድ አስወጥታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይዛቸው ወጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የባሕር ዛፉ ጫፍ ገና ከጉም አልወጣም። ከበበ ቀድሞ ቆመ፤ በሔራን ትእዛዝ እያንዳንዱን ጥይት እያጎረሰ የሚሰጠው ኢቲቻ ነው። የመጀመሪያው ኢላማውን አገኘ። ሰደፉ ግን ትከሻውን እንደ በቅሎ ረገጠው። ሁለተኛው የኢላማው ጠርዝ ላይ አረፈ። ለሦስተኛው ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ብቻ ቀረ፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ ብሎ ነበር። የከበበ ዓይኖችም ተጨፍነዋል።

ኢቲቻ ባሩድ የሌለው ጥይት ነበር ያጎረሰለት።

"አየሽ አይደል?" አላት ለሔራን። "ገና ሳይተኮስ በድንጋጤ አፈሙዙን ይደፋዋል።"

ከበበ ጠመንጃውን አስቀምጦ የኢቲቻን ኮሌታ ጨበጠ። ሔራን መሃላቸው ገብታ በሁለት እጇ ገፍታ ለያየቻቸው። ከበበ ወደ ሔራን ዞሮ፣ ለእሱም እንደኔው ይጎረስለት፣ የሚያጎርስለትም አንቺ ሁኚ አላት።

ሔራን ጀርባዋን ሰጥታ አጎረሰችለት። ኢቲቻ አንዱን አገኘ፣ አንዱን ሳተ። ባሩድ የሌለው ሲደርሰው የእሱም አፈሙዝ ወደ መሬት ወረደ። ማንም አልሳቀም።

ቀጥሎ አሮጌውን ሦስት ሰባ አምስት አነሡ። ኢቲቻ ሁሉንም አገኘ። ከበበም አገኘ፤ ባዶው ሲደርሰውም አፈሙዙ እንደ ድንጋይ ረግቶ ቆመ። ከበበ ደስ አለው። ዞሮ ሊናገር ሲል ግን ኢቲቻ ቀደመው። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በቀጥታ ሲያናግረው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

"እንግዲህ ምረጥ። ይሄ እጅህ ላይ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ያን ቀን ያነሰው ጥይቱ አይደለም። ጥይቱ ነው ካልክም ዓይንህን ጨፍነህ የምትተኩሰውን ያዝና እንግዳ አስጨርስ።"

ከበበ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በመኪናው ተመልሼ አልወርድም ብሎ በእግሩ ቁልቁል ወረደ።

በማግስቱ ቀበና ነጅመዲን ሱቅ ሄደ። ነጅመዲን እግሩን ካርቶን ላይ ዘርግቶ ሳሙናና ዘይት ይሸጣል። ከበበ በየበዓሉ እየመጣ ይጠይቀው ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስቶ አያውቅም። ዛሬ ጠየቀው። አንተ እዚያው ነበርክ፣ ጥይቱ አንሶ ነው ወይስ እኔ ነኝ፣ ለሔራን መስክርልኝ አለው።

ነጅመዲን እስከ ዛሬ "ጋሽ ከበበ፣ እርስዎ" እያለ የሚያናግረው ሰው ነው። አሁን አንቱታውን ተወው።

"እኔ ለናንተ ሙግት ምስክር አልሆንም። ያ እንግዳ ጎሾቹ ተደራርበው ቆመው እያለ ሲያነጣጥር አንተ በቀኙ ነበርክ፣ ኢቲቻ በግራው። 'አሁን አትተኩስ' ያለው የትኛችሁ ነው?"

ከበበ ከመደርደሪያው አንድ ሳሙና አንሥቶ መለሰው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጥይት ታወራላችሁ" አለ ነጅመዲን። "በል ደንበኛ መጣ፣ ከበሩ ላይ ዞር በልልኝ።"

ከበበ ወደ ቤቱ ሲወጣ ተናዶ ነበር። በነጅመዲን ተናደደ፣ በኢቲቻ ተናደደ፣ ሔራንንም ሰደበ። ሚስቱ ሥርጉት ምን እንደነካው ብትጠይቀው ጮኸባት። በሦስተኛው ቀን ግን ለሔራን ደውሎ፣ ሦስት ሰባ አምስት ግዢ አላት። ምክንያቱን ስትጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

በታኅሣሥ አዲሶቹን ጠመንጃዎች ይዘው በረሃ ወረዱ። እንግዳቸው ችኩል ሰው ነው፤ ያለ ጎሽ የሚመለስ አይመስልም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሣሩ መሃል መንጋ አገኙ። ትልቁ ጎሽ ከሁለት ሴት ጎሾች ጀርባ ቆሞ ትከሻው ብቻ ይታያል። እንግዳው ጠመንጃውን አነሣ። ከበበ እጁን ሰዶ አፈሙዙን ወደ መሬት ተጫነው። መንጋው ደንብሮ ጠፋ።

እንግዳው ፊቱ ቀልቶ ጮኸ። ከበበ እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፤ ስድቡን ለመረዳት ግን በቂ ነው። ሰውየው ወደ ኢቲቻ ዞሮ፣ ለምን እንደከለከለኝ አስረዳኝ፣ አለዚያ ይሄን ሽማግሌ ከፊቴ አንሡልኝ አለው። ከበበ ኢቲቻን አላየውም። ጊዜው ደርሶለታል፣ አሁን ይቀብረኛል ብሎ ነው የጠበቀው።

ኢቲቻ ጎንበስ ብሎ የመንጋውን ዱካ አየ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ትክክል ነው፣ ቢተኮስ ኖሮ አንዷ ቆስላ ዛሬ ሰው ይሞት ነበር አለ። እንትፍ ብሎ ወደ ጎን ተፋና ዱካውን ይዞ ከፊት ቀደመ።

እንግዳው ያለ ጎሽ አገሩ ገባ፤ ሔራንም ሁለቱንም እስኪበቃት ተቆጣቻቸው። ጉርድ ሾላ ከመኪናው ሲወርዱ ከበበ ቦርሳውን አንግቶ ወደ መገናኛ፣ ኢቲቻ ወደ ላይ ሄዱ። ደህና ዋል የተባባለ የለም።